አባዬ ጀልባ ላይ የወጡ ዕለት

እኛ አገር ውሃ አይቀመጥም። መካነ ሰላምን ያየ ያውቃል፤ ክረምት ሲገባ ሰማዩ ከጣራችን ላይ አልነሣ ብሎ ይከርማል፣ ውሃው ግን አንድ ሌሊት እንኳ አያድርብንም። የማሳችንን አፈር በጀርባው አዝሎ፣ ገደል ለገደል ወርዶ ዓባይ ይገባል። ስለዚህ እኛ ውሃን የምናውቀው እንደ ችኩል መንገደኛ ነው፤ "እረፍ እንጂ፣ ቤት ለእንግዳ" ስንለው "የለም፣ ይመሽብኛል" ብሎ የሚያልፍ። እንዲህ ካለ አገር ተወልጄ ክረምት ክረምት ሰው እየመራሁ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጠምዳለሁ ብላችሁ ብትስቁ አልቀየማችሁም። እኔም ጀልባ ላይ ሆኜ ትዝ ሲለኝ እስቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህር ነኝ፤ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩት ከደሴ ወዲያ ባለችው በሐይቅ ከተማ ነበር። በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ሰይድ የሚባል ባለጀልባ ይኖር ነበር። ዝምተኛ ነው። ሰላቱን አያዛንፍም፤ ቃልም አያባክንም። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱን እየተከተልኩ መንጠቆ ማሰር ቻልኩ፤ የምድር ትል የት እንደሚቆፈር፣ ቆሮሶ ምን እንደምትወድ፣ ያ ጢማሙ አምባዛ ዳር ዳሩን ከሚበቅለው ፊላ በየትኛው ሥር እንደሚደበቅ አወቅሁ። አራት ዓመት ቆይቼ ወደ አገሬ ተዛወርኩ። ሆኖም ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሐምሌ ሲጠባ እግሬ ወደዚያው ይሄዳል። ሰይድ ይቀዝፋል፤ እኔ ለመዝናናት የሚመጡትን እንግዶች አጠማመድ አሳያለሁ።

ሥራው ዓሣ መያዝ እንዳይመስላችሁ። ትል የሚጸየፍ ሰው ሲመጣ ትሉን በመንጠቆው ላይ መሰካት ነው። የተጠላለፈ ክር መፍታት ነው። የባል መንጠቆ የሚስትን ጃኬት ሲይዝ ማስታረቅ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓሣ ጠፍቶ እንግዳው ሲያኮርፍ "ትናንት እዚህ ጋ ነበር" ማለት ነው። ዓሣ የሚባል ፍጥረት ሁልጊዜ ትናንት እዚያ ጋ ነበር።

አባዬ ግን ይህን አያውቁም ነበር።

አባዬ ገበሬ ናቸው። ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ሁለት ሰዓት በእግር ሲኬድ ቤታቸው ይገኛል። ሰውን የሚመዝኑት በእርሻው ነው። "በሬ ያለው ያርሳል፤ በሬ ያጣ መሬቱን ለሌላ ይሰጣል፤ መሬትም በሬም ያጣ ዓሣ ይይዛል" ይላሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ነገሩን ጫፉን ልነካው ሞክሬ ነበር። "አባዬ፣ እነ ጴጥሮስ እኮ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ" ብላቸው፣ ጉርሻቸውን ሳያቋርጡ "መረቡን ጥሎ አይደል እንዴ ሐዋርያ የሆነው?" አሉኝ። ክርክሩ እዚያው ላይ ተዘጋ።

እናም "ክረምቱን የት ነው የምትከርመው?" ሲሉኝ "ሐይቅ ከተማ፣ ስልጠና" አልኳቸው። ስልጠና የሚለው ቃል በዚህ ዘመን እንደ ጋቢ ነው፤ የማይሸፍነው ነገር የለም።

ውሸት ግን እንደ ሕፃን ነው፤ አንዴ ከተወለደ ማሳደግ ግድ ይላል። አባዬ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆመው "ልጄን መንግሥት ክረምት በመጣ ቁጥር ይጠራዋል፤ ያለሱ አይሆንላቸውም" ማለት ጀመሩ። በሁለተኛው ዓመት "ስለ ምንድን ነው የምትሰለጥነው?" አሉኝ። ሌላ ስላልመጣልኝ "ስለ ውሃ ሀብት" አልኩ። ከዚያ ወዲያ የመንደሩ ሰው የደረቀ ምንጩን ሁሉ ወደ እኔ ያመጣው ጀመር። አንዲት ባልቴትማ ጓሮዋ ውስጥ ውሃ ይኖር እንደሆን በእግሬ ረግጬ እንድነግራት ለመነችኝ። ረገጥኩላት። ምን ላድርግ? "ጥልቅ ነው" አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ካለ መቼም ጥልቅ ነው።

በሦስተኛው ዓመት አባዬ "ወረቀቱን አሳየኛ" አሉ። ቤቴን በርብሬ ያገኘሁት፣ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ስለ እጅ አስተጣጠብ ለሁለት ቀን ሰልጥነን የተሰጠንን የምስክር ወረቀት ነበር። እንግሊዝኛ ስለሆነ ወሰድኩላቸው። ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ጎን ሰቀሉት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አባዬ ቤት በገባሁ ቁጥር መልአኩ ያን ሰይፍ የመዘዘው ለእኔ ይመስለኛል።

እንዲህ እንዲህ እያልን አምስተኛው ክረምት ገባ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ይዘን የወጣነው ከደሴ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ድምፁ የሚሰማው ሲያስነጥሰው ብቻ ነው። ሚስቱ ደግሞ ርዕሰ መምህርት ናት። ጀልባው ላይ ገና ከመቀመጧ ሐይቁን ራሱ "ጸጥታ!" ልትለው የቃጣች ትመስል ነበር። ከዳር ብዙም ሳንርቅ ትሉን እየሰካሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሁለቱም እጄ ትል ነው። ሰይድ ከኪሴ አወጣና ድምፁን ከፍ አድርጎ ያዘልኝ።

"ልጄ!" አሉ አባዬ። አባዬ ስልክን የሚያምኑት በግማሹ ነው፤ የቀረውን መንገድ በጩኸት ያግዙታል። "ደሴን አልፈናል! ከጽዋ ማኅበርተኞቼ ጋር ለሐይቁ ገዳም ንግሥ መጥተናል! ቄሳችንም አብረውን አሉ! ስልጠናህ እዚያው ሐይቅ አይደል? አዳራሽህን ሳናይማ አንሄድም!"

"አባዬ፣ አሁን እኮ... ስልጠናው ከባዱ ቦታ ላይ ነው።"

"ከባድ ከሆነ ቄሱ ይጸልዩበታል!" ብለው ዘጉት።

ትሉ ከእጄ ወደቀ። ርዕሰ መምህርቷ "ምን ተፈጠረ?" አለችኝ። ሰው ሲጨንቀው ለማያውቀው ሰው ይናዘዛል፤ አምስቱንም ዓመት ዘረገፍኩላት። ተቆጥታ ትመክረኛለች ብዬ ስጠብቅ ዓይኗ በራ።

"አሠልጣኟ እኔ ነኝ" አለች። "ሃያ ዓመት ሳሠለጥን ነው የኖርኩት። ባለቤቴ ደግሞ ሠልጣኝ ይሆናል።"

ባልየው አስነጠሰው። እንደ ፈቃድ ቆጠርነው።

ሰይድን አየሁት። "ወላሂ፣ እኔ አልዋሽም" አለ መቅዘፊያውን ሳያቆም። "ዝም ማለት ግን እችላለሁ።"

ዳር ወጥተን እጄን ሦስቴ በሳሙና ታጥቤ ስጨርስ ሚኒባሷ ደረሰች። ጭቃው እስከ መስኮቷ ደርሷል። ማኅበርተኞቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወረዱ፤ ቄሱ በአንድ እጃቸው መስቀል በሌላው ጃንጥላ ይዘው ወረዱ፤ በመጨረሻ አባዬ፣ ቦት ጫማቸውን ተጫምተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል አፍንጫቸውን ሰበሰቡ።

"ምን ምን ነው የምትሸተው?"

"ቤተ ሙከራ" አልኩ።

ርዕሰ መምህርቷ ቀረበች። "እንኳን ደህና መጡ፣ አባታችን። ልጅዎ ጎበዝ ሠልጣኝ ነው። ትንሽ ትኩረት ይጎድለዋል እንጂ።"

ይህን አልተነጋገርንም ነበር። አባዬ ግን ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። "ከልጅነቱም እንዲያው ነው፣ እመቤት። ካስፈለገ ይቆንጥጡት።" ከዚያ ዙሪያውን ቃኙ። "አዳራሹ የታለ?"

"ንድፈ ሐሳቡን ጨርሰናል፤ አሁን ተግባር ላይ ነን" አለች፣ እጇን ወደ ሐይቁ ዘርግታ። "አዳራሻችን ይኸው።"

አባዬ ዞረው ሐይቁን አዩ። ለካስ እስከዚያች ደቂቃ ልብ ብለው አላዩትም ኖሯል። ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። የወዲያኛው ዳር ተራራ በጉም ተሸፍኗል፤ ውሃው ግራጫ ሆኖ፣ ምንም ሳይቸኩል ተኝቷል። "አጃኢብ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ይህ ሁሉ ውሃ ምን ሥራ ይዞ ነው እዚህ የተቀመጠው?" ያን ጊዜ እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ፣ እላለሁ ዛሬ። ልባቸው ተከፍቶ ነበር። እኔ ግን ውሸቴ ደህና መሄዱ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

"እንግዲያ እኔም ገብቼ ልየዋ" አሉ።

ቄሱን "ይምጡ እንጂ" ብንላቸው "እኔ የብስ ላይ ሆኜ ብጸልይላችሁ ይሻላል" ብለው ጃንጥላቸውን ዘረጉ። አባዬን የመንሳፈፊያውን ጃኬት ከጋቢው ሥር ይልበሱ ብላቸው እምቢ አሉ፤ ከጋቢው በላይ አሠርንላቸው፤ ብርቱካናማ ነዶ መሰሉ። ዱላውን ይተዉት ብላቸው ጭራሽ አልሰሙኝም። ሰይድ ቀዘፈ።

ርዕሰ መምህርቷ ስለ ውሃ ዑደት ማብራራት ጀመረች። እኔ የዓሣውን ክር ወደ ውሃው ለቅቄ "ጥልቀት እየለካሁ ነው" አልኩ። አባዬ በጽሞና ያዳምጣሉ። ሁሉም ነገር በሰላም ሊያልፍ ነበር። ምን ዋጋ አለው፤ ያ ጠዋት ሙሉ ሲያስነጥስ የዋለው ባል ድንገት "ያዘኝ! ኧረ ያዘኝ!" ብሎ ጮኸ። ክሩ ተወጥሮ ጀልባውን ወደ ጎን ይስባል።

እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። ስልጠናውንም፣ አባዬንም፣ ቅዱስ ሚካኤልንም ረሳሁ። "አትጎትት! ልቀቅለት! ይሂድ፣ ይሂድ... አሁን ሳብ! በቀስታ! ፊላው ውስጥ እንዳይገባብህ!" እያልኩ በሰውየው ላይ ተንጠላጥዬ፣ ክንዴን እስከ ብብቴ ውሃው ውስጥ ነክሬ፣ አምባዛውን በመንጋጋው ይዤ ወደ ጀልባው ወረወርኩት። የክንዴን ያህል ይረዝማል። በእርጥብ እጄ ግንባሬን ጠርጌ፣ ጥርሴን ገልጬ ቀና ስል ዓይኔ ከአባዬ ዓይን ጋር ገጠመ።

ርዕሰ መምህርቷ የውሃ ዑደቷን ደመናው ላይ ስትደርስ አቆመች።

"እጅህ ያውቀዋል" አሉ አባዬ።

እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ።

"አዳራሽ የለም?"

"የለም፣ አባዬ።"

"አምስቱንም ዓመት?"

"አምስቱንም።"

ወደ ሰይድ ዞሩ። ሰይድ ቃሉን ጠብቆ ዝም አለ። ባልየውን አዩት፤ ባልየው ጫማውን አየ። አባዬ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "እኔ በሬ እጠምዳለሁ፤ አንተ ዓሣ ታጠምዳለህ" አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም። ጮኸው ቢሰድቡኝ ኖሮ እንዴት በተሻለኝ።

እንግዲህ አባዬ ሲቆጡ አንድ ልማድ አላቸው። አይሰድቡም፣ አይመቱም፤ ተነሥተው ይወጣሉ። ዕድር ላይ ቢሆን፣ ሠርግ ላይ ቢሆን፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ብድግ ይላሉ፣ ይሄዳሉ። ሐይቁ መሐልም ብድግ አሉ።

የት ሊሄዱ? እሱን አላሰቡበትም። የተናደደ ሰው መሬት ሁልጊዜ ከእግሩ ሥር ያለች ይመስለዋል።

የክረምት ንፋስ ደግሞ ሰው ሲጣላ አይቶ ነው የሚመጣው። ከተራራው በኩል አንዴ ሲወርድ ጉሙን ቀደደው፣ ውሃው ተነሣ፣ ጀልባው ተንጋደደ። አምባዛው ከእግራችን ሥር ይፈራገጣል። አባዬ አንድ እርምጃ ሲራመዱ ቦት ጫማቸው በቀጥታ አምባዛው ላይ አረፈ። ተንሸራተቱ፤ ዱላቸውን አየሩ ላይ ሊመረኮዙ ሲሞክሩ አየሁ። ግማሽ ሰውነታቸው ከጀልባው ውጪ ሆነ።

"ቁጭ በል!" ብዬ ጮኽኩ።

ማንን? አባቴን። በእኛ አገር ሰው ታላቅ ወንድሙን እንኳ አንቱ ነው የሚለው። እኔ የአባዬን በሬ "አንተ" ስል የምሳቀቅ ሰው ነኝ። እሳቸውም ደነገጡ መሰለኝ፣ እዚያው እንደነበሩ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። እኔ ግን አልበቃኝም። "ዱላውን ልቀቅ! ዝቅ በል! ጠርዙን በሁለት እጅህ ያዝ፣ እንዳትነሣ!" ሁሉንም አደረጉ። ያቺ የዋንዛ ዱላ በማዕበሉ ላይ ስትሄድ ዞረው አላዩአትም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አላስታውስም። ሰይድ "ያ አላህ" እያለ ይቀዝፋል፤ እኔ በተቆረጠች ጀሪካን ውሃ እቀዳለሁ፤ ርዕሰ መምህርቷ ባሏን፣ ባልየው አምባዛውን አቅፏል። ከዳር ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ሐይቁ ዘርግተው ይደግማሉ፤ ንፋሱ ጃንጥላቸውን ገልብጦት እሳቸው እንደያዙት ናቸው። ንፋሱ ራሱ ገፍቶ ገፍቶ ፊላው ውስጥ ከተተን፤ ከዚያ በኋላ ሰይድና እኔ ወርደን፣ እስከ ወገባችን በሚደርስ ውሃ ውስጥ እየሄድን፣ ጀልባውን በገመድ ጎትተን አወጣነው።

ማኅበርተኞቹ የስልጠናው ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ። ሁለት ሴቶች እልል አሉ።

አባዬ ውሃ እያንጠባጠቡ፣ ብርቱካናማውን ጃኬት እንደለበሱ ወረዱ። አንዱ ማኅበርተኛ "ድንቅ ነው! ወረቀቱን መቼ ነው የሚሰጡት?" ብሎ ጠየቃቸው። እኔ መሬቷ ብትከፈት ደስ ባለኝ። መሬቷ ረግረግ ስለሆነች ጥቂት ተከፍታልኛለች፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ብቻ።

"ስልጠና አይደለም" አሉ አባዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "ልጄ ዓሣ አጥማጅ ነው።"

ጭብጨባው ቆመ። አባዬ ወደ እኔ መጡ፤ በጣም ተጠጉኝ።

"መዋኘት ትችላለህ?" አሉኝ።

ከሁሉም ጥያቄ ይህን አልጠበቅሁም። ሰይድን አየሁት። ሰይድ ዛሬ ዝምታውን በጣም አበዛው።

"አልችልም፣ አባዬ።"

ያን ጊዜ ነው የተቆጡት። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ሳይወጡ ሲቆጡ አየኋቸው።

"አምስት ክረምት!" አሉ። "አምስት ክረምት ሙሉ መብረቁ ሲወርድ፣ ጎርፉ ሲጮህ፣ 'የኔ ልጅስ ጣራ ሥር፣ አዳራሽ ውስጥ ነው' ብዬ ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ! ዓሣ ያዝ፤ ከፈለግህ ጅብ ያዝ! ልጅ ሆኖ አባቱ ስለ እሱ የሚፈራውን ፍርሃት የሚሰርቅ አለ እንዴ?" ወደ ቄሱ ዞሩ። "እኒህ ሰው በየሰንበቱ 'ለልጅዎ ምን እንለምንልዎ?' ሲሉኝ ምን እል እንደነበር ይንገሩህ። ይንገሩት፣ አባ!"

ቄሱ የተገለበጠውን ጃንጥላ እያቃኑ፣ አዝነው "'ስብሰባ እንዳይበዛበት' ነበር የሚሉት" አሉ።

"ስብሰባ እንዳይበዛበት!" አሉ አባዬ፤ ድምፃቸው እዚያ ላይ ተሰበረ።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡና ወደ ሰይድ ዞሩ። "አንተስ ትችላለህ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ እችላለሁ።"

"እንግዲያው አስገባው።"

"አሁን?"

"ልጄ ሳይንሳፈፍ ያቺ መኪና አትነሣም።"

ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ቄሱ "ንግሡ ነገ ነው፤ ዛሬ ይንሳፈፍ" ብለው ፈረዱ። ፍርዱ ጸና። ንፋሱ አልፎ ውሃው ተኝቷል፤ ካፊያው ግን አላቆመም። ሠላሳ አራት ዓመት የሞላኝ፣ ሁለት ልጆች ያሉኝ፣ የባዮሎጂ መምህሩ ሰውዬ፣ በቁምጣ ብቻ ሆኜ በሐምሌ ብርድ ገባሁ። ማኅበርተኞቹ እንደ ጥምቀት ዳሩን ይዘው ተሰለፉ። ርዕሰ መምህርቷ "ትኩረት!" ስትል ሰማኋት።

ሰይድ እስከ ደረቱ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆሞ መዳፉን ከጀርባዬ ሥር አደረገ። "አብሽር" አለኝ። "ሰውነትህን ጣለው። ውሃው አይጠላህም።"

መጀመሪያ ሰመጥኩ። ቀጥሎ ጠጣሁ። አባዬ ከዳር ሆነው፣ እርሻ ላይ እንዳሉ፣ "ቀጥ በል! አትጉበጥ! ሃ! ሃ!" ይላሉ። በሦስተኛው ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ገባና ድምፁ ሁሉ ጠፋ። ሰማዩን ብቻ አየሁ፤ ካፊያው ፊቴ ላይ ይወርዳል። የሰይድ መዳፍ ሥሬ አለ ብዬ ነበር። ዓይኔን ዘወር ሳደርግ ሁለት እጁን አጣምሮ ቆሟል።

በኋላ እንደነገሩኝ ቄሱ የቆየሁበትን ጊዜ በጸሎት ነበር የለኩት። "አቡነ ዘበሰማያት" ብለው ጀምረው "ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ" ላይ ሲደርሱ ሰመጥኩ።

እያሳለኝ ብቅ አልኩ። ማኅበርተኞቹ "እሰይ! እሰይ!" ይላሉ፤ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። "በቃ፣ ተንሳፈፈ እኮ!" አለ አንዱ። አባዬ ግን አልተንቀሳቀሱም። ቦት ጫማቸው ውሃው ውስጥ ገብቷል፤ ማንም ሳያያቸው እኔ ወዳለሁበት እየተራመዱ፣ ጉልበታቸው ድረስ ደርሰዋል።

"እንደገና" አሉ። "እስከ አሜን ይድረስ።"

አየር ሳብኩና ተንጋለልኩ።